ጣሳው ባዶ አይመለስም

አሰላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017

ለወንድሜ ለጅብሪል፣
ደራ

ጥፋተኛዋ ሲፈን ናት። ከሰላምታ በፊት ይህን የጻፍኩት ወረቀቱ መንገድ ላይ ቢቀደድ እንኳ ይህቺ መስመር እንድትተርፍ ነው።

አሁን አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅህም፤ ነግረውኛል። የሚኒባሱ ሹፌር ኢብሳ ባለፈው ጁምዓ መስጊድ በር ላይ አይቶህ ነበር። "እማማ ሀሊሜ፣ ኮቱን አየሁት፤ ጋሽ ጅብሪልን ግን ውስጡ አላገኘኋቸውም" አለኝ። እንድስቅለት ነው የተናገረው። እኔ አልሳቅኩም። ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ በስድሳ ዓመቱ ኮት ብቻ ሆኖ ሲሄድ ምኑ ያስቃል?

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትል ይሆናል። ስልኩማ ያንተ ብቻ አይደለም። ጆሮህ ስለደከመ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ትለቀዋለህ። እኔ አንተን "ምሳ ምን በላህ?" ስል የልጅህ ሚስት ሲፈን ከጓዳ፣ የባሏን አክስት የራሷ አድርጋ፣ "ደህና በልተዋል አዳዳ!" ትለኛለች። አንተን ጠይቄ እሷ የምትመልስልኝን ወሬ ምን ላድርገው? ስለዚህ የሁለታችሁንም ቁጥር ዘግቻለሁ። ስድሳ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ጡረተኛው መምህር በዛብህ ዘንድ ተቀምጬ ሀሁ የቆጠርኩት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ደብዳቤ ጮክ ብሎ አያወራም። እሷ ደግሞ በቁቤ የተማረች ናት፤ የአማርኛው ፊደል ቶሎ አይገባትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሬ ይህ ነው። ግንቦት ላይ ልብህን አሞህ ሆስፒታል ከተኛህ ወዲህ ድስትህ በሲፈን እጅ ነው። ሰኢድ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ከመኪናው ወርዶ አባቱ ምን እንደሚበላ የሚያይበት ጊዜ የለውም። በመስከረም የላክሁት ሁለት ኪሎ ቅቤ የት ገባ? ከገዛ ላሜ የተናጠ ቅቤ ነበር። ኢብሳ የምትበላውን ነገረኝ። ስኳር ድንች! የተቀቀለ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ቅቤ።

ጅብሪል፣ እኛ የማን ልጆች ነን? በሰባ ሰባት ዝናብ ጠፍቶ ቆላው ሲራብ ሰው ሥር እየቆፈረ እንደበላ ሰምተናል። ያን ጊዜ እንኳ እኛ ቤት ገብስ አልታጣም። አባታችን ገብሱን በቅቤ እያሸ በልቶ ነው የኖረው፤ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም። በሃምሳ አምስት ዓመቱ እርሻ መሃል እርፍ እንደያዘ ወደቀ እንጂ አልጋ ላይ አልተኛም። የደከመ ሰው ቅቤ ይጠጣል፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። እሷ የርሃብ ምግብ የምታበላህ ቤቱን ቶሎ ለመረከብ ካልሆነ ለምንድን ነው?

በኢብሳ በኩል ስለ ጤናዬ የጠየቅከውን ኋላ እመልሳለሁ። ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በገብስ ዱቄት ሙጫ አሽጌ፣ ማሸጊያው ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሬበታለሁ። መስመሩ ተሰብሮ ከደረሰህ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። ንገረኝ።

እህትህ ሀሊሜ


ደራ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017

ለእህቴ ለሀሊሜ፣

ወአለይኩም ሰላም። መስመሩ ቀጥ ብሎ ነው የደረሰኝ።

መክሳቴ እውነት ነው። ሐኪሙ አሥር ኪሎ ቀንስ ብሎኝ ነበር፤ አሥራ አንድ ቀነስኩ። አንዷን ለኢብሳ ቀልድ ብዬ ጨምሬአታለሁ። ግን አንድ ነገር ኢብሳ አልነገረሽም። ግንቦት ላይ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኝ ነበር። አሁን እብጠቱ ሄዷል፤ ከቤት እስከ መስጊድ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልቆም እሄዳለሁ።

ቅቤው የት ገባ ላልሽው፣ ጎረቤታችን ወልዳ ነበርና ለእሷ ተሰጠ። ስጪያት ያልኩት እኔ ነኝ። ሲፈን "አዳዳ ከሰሙ እኔን ነው የሚሉኝ" ብላ ነበር። አልተሳሳተችም።

ስኳር ድንቹንም የተከልኩት እኔ ነኝ። ሐረጉን የሰጠችኝ የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ቢታንያ ናት፤ ከወላይታ ተመድባ የመጣች ልጅ። እኔም እንዳንቺ "በእኛ አገር ይህ የችግር ቀን ምግብ ነው" አልኳት። "በእኛ አገር ደግሞ የዘወትር ምሳ ነው፤ የትኛችን ነን የተቸገርነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ቀጥላ እንዲህ አለችኝ፤ "ጋሼ፣ ስኳር ድንች መድኃኒት አይደለም፤ ክኒንዎን አይተካም። ሥራው የቅቤውንና የነጩን ዳቦ ቦታ መያዝ ነው። ከነልጣጩ ይቀቀል፣ አይጠበስ፤ ከጎመንና ከባቄላ ጋር ይብሉት። ጣፈጠኝ ብለው ደግሞ ድስቱን አይገልብጡት።" ይህንንም ያለችው ኩላሊቴን አስመርምራ ነው።

አባታችን ታሞ አያውቅም ላልሽው፣ ይህንኑ ለሲስተር ቢታንያ በኩራት ነግሬአት ነበር። በዚህ አልሳቀችም። "በስንት ዓመታቸው ወደቁ?" አለችኝ። ነገርኳት። "እህት ወንድም አለዎት?" አለችኝ። አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ አልኳት። "የደም ግፊታቸው ተለክቷል?" አለችኝ። ሀሊሜ፣ ስጠይቅሽ ሁለተኛዬ ነው። ተለካሽ ወይ?

የቅቤውን ጣሳ መልሻለሁ። እናታችን የሰው ዕቃ ባዶ አይመለስም ትል ስለነበር አምስት ስኳር ድንች አድርጌበታለሁ። ቀቅለሽ ብዪው።

ወንድምሽ ጅብሪል


አሰላ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017

ለጅብሪል፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ነገሩ የገባኝ በሦስተኛው ነው። ፊደሉ ያንተ ነው፤ ቃሉ ግን የእሷ ነው። አንተ "ከነልጣጩ" ብለህ በሕይወትህ ተናግረህ አታውቅም። ምግብ ቀርቦልህ ትበላለህ እንጂ ልጣጭ እንዳለው መቼ ታውቃለህ?

መስመሩ ቀጥ ብሎ ደረሰኝ ብለሃል። እሺ። ግን አጠገብህ ቆማ ካስጻፈችህስ? ስለዚህ በሚቀጥለው ደብዳቤህ ልጅ ሆነን የጠበቅኳቸውን የሦስቱን ጥጆች ስም ጻፍልኝ። እሷ ይህን አታውቅም። ስማቸውን ካላየሁ ከእንግዲህ የምትጽፈውን ሁሉ የእሷ ነው ብዬ ነው የማነበው።

እህቴ ተጠራጣሪ ሆነች ብለህ አትዘን። ባሌ በሞተ በወሩ ወንድሞቹ "የግብር ወረቀት ነው" ብለው አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው አስፈረሙኝ። ወረቀቱ የገብስ መሬቴን ለእነሱ ለቅቄያለሁ ይል ነበር። ይህን ያወቅኩት በሬአቸውን ጠምደው ሲገቡበት ነው። አንተ ማንበብ ታውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልነበርክም። አንተ እንድትማር ጥጃ ስጠብቅ ያደግኩት እኔ፣ ማንበብ ባለመቻሌ መሬቴን ተነጠቅኩ። እንግዲህ ወረቀትን ሁለት ጊዜ ባገላብጥ ይፈረድብኛል?

ስኳር ድንቹን ለጎረቤቴ ለእንደሻው በጎች ሰጠሁ። በጎቹም መጀመሪያ አሽትተው ተዉት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጣሳ ጭኮ አለ። ገብሱን ራሴ ቆልቼ አስፈጭቼ፣ በተነጠረ ቅቤ አሸሁት። የአርሲ ሰው መንገድ ሲወጣ የሚይዘው፣ ሲደክም የሚነሳበት ይህ ነው። ኢብሳ በየጁምዓው መስጊድ በር ላይ በእጅህ ይሰጥሃል። ሲፈን አትየው፤ አልጋህ ሥር አድርገው። ጠዋት በባዶ ሆድህ ሦስት ማንኪያ ብላ። ሳትበላው ጣሳዬን ሙሉውን ከመለስክ ወንድም የለኝም ብዬ ነው የምቆጥረው። ወላሂ።

የጠየቅከኝን አልረሳሁም። የጤና ጣቢያው ሰልፍ ረጅም ነው።

ሀሊሜ


ደራ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017

ለእህቴ ለሀሊሜ፣

ዳለቻ፣ ቡሬ፣ መጋል። የመጋል አንዱ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ ነበር። እኔ ደብተሬን ይዤ በአጥሩ ጥግ ሳልፍ አንቺ ከጥጆቹ መሃል ቆመሽ ታዪኝ ነበር። አንድ ቀን "ዛሬ ምን ተማርክ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔም "አንቺ አይገባሽም" አልኩሽ። ይህንንም አልረሳሁትም። ስትጽፊልኝ ያ ቀን ትዝ እያለኝ ነው የማነበው።

ጭኮው ደርሷል። ስለ እሱ ሌላ አትጠይቂኝ። ጣሳው ታጥቦ መጥቷል፤ ባዶም አይደለም። መሐላውን ግን ባትምዪው ይሻል ነበር።

ሲፈንን አትርገሚያት። ስለ እሷ ብዙ የምጽፈው አለኝ፤ አሁን ብጽፈው ግን አስጽፋው ነው ትያለሽ።

ተለካሽ ወይ?

ጅብሪል


አሰላ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017

ለወንድሜ ለጅብሪል፣

የጥጆቹን ስም አየሁ። አንተው ነህ። ስለ ደብተሩ የጻፍከውን አንብቤ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት፤ ስለ እሱ አላወራም።

አልነገርኩህም? ኢብሳ ትናንት ከጁምዓ ሲመለስ "እማማ ሀሊሜ፣ ጋሽ ጅብሪል ፊታቸው ሞልቷል፤ ጫማ ጠቧቸው በነጠላ ጫማ ነው የመጡት" አለኝ። አልሃምዱሊላህ! በአራት ጣሳ ኮቱን ሞላኸው። ሰባት ወር ሙሉ ጎመን ከምታበላህ ልጅና ከሲስተርህ ይልቅ የእናትህ ልጅ ታውቅልሃለች።

ግን ለምን ዝም አልክ? አሥራ ሦስት ቀን አንድ መስመር አልጻፍክም። እጅህም ወፍሮ እስክሪብቶ አልይዝ አለህ?

ሌላው ነገር፣ ሲፈን ፌዟን ትተው። በየሳምንቱ ጣሳዬን በስኳር ድንች ሞልታ ትሰድልኛለች። አንተ ነህ የሞላኸው ብለኸኝ ነበር፤ አላመንኩህም። እኔ ቅቤ ስልክልህ እሷ የርሃብ ምግብ የምትመልስልኝ "ያንቺም ተራ ይደርሳል" ልትለኝ ነው። የእንደሻው በጎች ለምደውት አሁን ጣሳውን ሲያዩ ይጮኻሉ።

ሰልፉ አሁንም ረጅም ነው።

ሀሊሜ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017

ለተከበሩ ለአዳዳ ሀሊሜ፣

አሰላሙ አለይኩም። የአማርኛ ጽሑፌ ቢጣመም ይቅር ይበሉኝ። በስልክ ስለማላገኝዎ ነው የጻፍኩት።

አባባ በሕይወት አሉ። ይህን ቀድሜ ልጻፍ።

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ትንፋሽ አጠራቸው። እዚህ አዳማ ሆስፒታል አስተኝተዋቸዋል። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጦ ነበር። ፊታቸው ለሁለት ሳምንት ሲሞላ እያየሁ ወደ ሐኪም እንሂድ ብላቸው "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" እያሉ አቆዩኝ።

ዶክተሩ "ምን እያበላሽው ነው?" አለኝ። ጎመን፣ ባቄላ፣ ስኳር ድንች፣ ያለ ጨው፣ ያለ ቅቤ አልኩት። "ሴትዮ፣ የደሙ ምርመራ እንደዚያ አይልም" አለኝ፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው እየሰማ። ሰኢድ ከጅቡቲ ደውሎ "አባቴን ምን አድርገሽው ነው?" አለኝ። ባሌ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አባባን ጠየቅኳቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልብስ ልወስድላቸው ደራ ስመለስ አልጋቸው ሥር ቅቤ ቅቤ የሚሸት ማንኪያ አገኘሁ። ኢብሳን ጠየቅኩት። "እኔ ዕቃ እንጂ ወሬ አልጭንም" አለኝ።

አዳዳ፣ ዶክተሩ ያለው እንዲህ ነው። ምግቡ ተጠብቆ እንዲህ ካበጡ መድኃኒቱ አልያዛቸውም ማለት ነው፤ የፊታችን ሰኞ ሳምንት ወደ ከባዱ ይቀይርላቸዋል። ከባዱ ግን ኩላሊታቸውን ሊጎዳ ይችላል። ምግቡ ካልተጠበቀ ደግሞ መድኃኒቱን መቀየር አያስፈልግም፤ ምግቡን መመለስ ይበቃል። እኔን አላመነኝም። አባባ አይናገሩም። እርስዎ የሚያውቁት ነገር ካለ ምን እንደሆነና ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይላኩልኝ። አልቆጣም።

ሲፈን


አሰላ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017

ለሲፈን፣

ወንድሜ መታመሙን ከአንቺ መስማቴ ራሱ ይበቃኝ ነበር። ጨምረሽ "በጽሑፍ ይላኩልኝ" አልሽኝ። በጽሑፍ! ይህን ቃል አውቀዋለሁ። እኔን ያደኸየኝ በጽሑፍ የተባለው ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ካልሽኝ፣ አዎ በርይቻለሁ።

የምትፈልጊውን ልንገርሽ። እኔ አንድ ነገር ጽፌ እፈርማለሁ፤ አንቺ ወረቀቱን ለሰኢድ ታሳዪዋለሽ፤ "አባትህን የገደለችው አክስትህ ናት" ትዪዋለሽ። አንቺ ነጻ ትወጫለሽ። ሰባት ወር ውኃ ያበላሽው እጅሽ ታጥቦ ይቀመጣል።

ደግሞ ምን ልጻፍልሽ? ደብዳቤዎቼን ሁሉ ስትከፍቺ እንደኖርሽ አውቃለሁ። ሙጫን በእንፋሎት ማላቀቅ ለአንቺ አያቅትሽም። ታኅሣሥ 8 ቀን ለጅብሪል የጻፍኩለት ደብዳቤ የደረሰው ሆስፒታል በገባበት ቀን ነው፤ ኢብሳ በእጅሽ እንደሰጠሽ ነግሮኛል። የምትጠይቂኝ ሁሉ እሱ ውስጥ አለ። አንብበሽው ካበቃሽ ምን ታስለፈልፊኛለሽ?

አዳዳ ብለሽ አትጥሪኝ። አዳዳ የአባት እህት ናት። ሰኢድ ይጥራኝ፤ አንቺ ግን የማን ልጅ ነሽ?

ሀሊሜ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017

ለእማማ ሀሊሜ፣

የታኅሣሥ 8ቱ ደብዳቤዎ ይኸውልዎ፤ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። መስመሩን ይመልከቱ።

ዘጠኝ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከፍቼ ለዶክተሩ ባሳየው ኖሮ ከስድቡ እድን እንደነበር ገምቻለሁ። ግን ላዩ ላይ የተጻፈው የአባባ ስም ነው። የቀሩት ደብዳቤዎችዎ ሳጥናቸው ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ ነው የሚያስሩት። እዚህም አላወለቁትም።

ስለ ጣሳው እንደሚቆጡ ኢብሳ ነግሮኛል። እኔ ሞልቼው አላውቅም። አባባ ራሳቸው ቆፍረው፣ አጥበው፣ ትልልቁን መርጠው ይሞሉታል። ትንንሹን ነው እኔ ለእሳቸው የምቀቅለው። "ለማን ነው?" ስላቸው "ልቡ እንደ እኔ ለሆነ ሰው" ይሉኝ ነበር። የታመመ ጓደኛ ያላቸው መስሎኝ ነበር።

ትናንት ማንኪያውን አሳየኋቸው። አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። "የእህቴን ጣሳ ሙሉውን መመለስ አልችልም።"

ሰኞ ሩቅ አይደለም።

ሲፈን


አሰላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017

ለሲፈን፣

መስመሩ አልተሰበረም። መነጽሬን አድርጌ አየሁት፤ አውልቄ አየሁት፤ መስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት። ሙጫው ላይ የራሴ ጣት ምልክት አለ። ሌላ ጣት ፈለግኩ፤ አጣሁ።

ደብዳቤዬን ራሴ ከፈትኩት። ለወንድሜ የጻፍኩትን እንደ ባዕድ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ባዕድ ሴት ጽፋው ቢሆን ኖሮ "ይህቺን ሴትዮ ሰውየው ምን አድርጊኝ አላት?" እል ነበር።

ለዶክተሩ የምታነቢለት ይህ ነው።

"እኔ ሀሊሜ የጅብሪል ታላቅ እህት ነኝ። ከጥቅምት 29 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 4 ድረስ በድብቅ ስምንት ጣሳ ጭኮ ልኬለታለሁ። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት አንድ አንድ ጣሳ፣ ፊቱ ሞላ ሲሉኝ ደግሞ በሁለቱ ሳምንታት ሁለት ሁለት። በየጣሳው ግማሽ ኪሎ ያህል ቅቤ አለበት። በመጨረሻዎቹ አራት ጣሳዎች እንዳይሰለቸው ብዬ ጨው አብዝቻለሁ። በየጠዋቱ በባዶ ሆዱ ሦስት ማንኪያ እንዲበላ፣ ሁለት ሁለት መላክ ስጀምር ደግሞ ስድስት እንዲያደርገው አዝዣለሁ። ካልበላህ ወንድሜ አይደለህም ብዬ ምያለሁ። ጣሳዎቹ ሁሉ ታጥበው ተመልሰዋል። ምግብ የምትሰጠው ሲፈን ይህን አታውቅም ነበር፤ የነገሯትን አንድም አላጓደለችም። ምግቡን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።"

ከሥሩ ስሜን ጽፌአለሁ። አውራ ጣቴን አላተምኩም። ማንም አላስጻፈኝም፤ ከመፈረሜም በፊት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ከዚህ ወዲያ ያለው ለአንቺ ነው፤ ለዶክተሩ አታንቢለት።

ራሴ መምጣት ነበረብኝ። ትናንት ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ተነሳሁ፤ ደረጃው ላይ ዓይኔ ጨለመብኝና ጋሪ አስጠርቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሰልፍ አልነበረም። ሦስት ሰው ነበር። ነርሷ ሁለት ጊዜ ለካችኝ። መቶ ዘጠና ስድስት ነው አለችኝ። "እማማ፣ ራስዎን አያምዎትም?" አለችኝ። "ያመኛል፤ ግን በሰው ነገር ነው" አልኳት። "አባትዎ በምን ሞቱ?" አለችኝ። ታሞ አያውቅም ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ክኒን ሰጥታ ለሳምንት መንገድ ከለከለችኝ። ለጅብሪል ደጋግሞ የጠየቀኝን መለሰች በዪው። ተለካች በዪው። ስንት እንደሆነ አትንገሪው።

ከመጨረሻው ጣሳ ሦስት ስኳር ድንች ተርፎ ነበር፤ እንደሻው በጎቹን ስለሸጠ የምሰጠው አጥቼ ነው። ትልልቆች ናቸው፤ እንዳልሽው። አንዱን ከነልጣጩ ቀቀልኩት። ያለ ጨው በላሁት። አልወደድኩትም። ሁለተኛውንም ቀቅዬዋለሁ።

ይህን የጻፍኩት ወድጄሽ አይደለም። በአንድ ደብዳቤ ሰው አይዋደድም፤ እኔ ደግሞ ቶሎ የምዞር ሰው አይደለሁም። ቁጥራችሁን ግን ከፍቻለሁ። ለሰኢድ ዛሬ ደውዬ ነገርኩት። መጀመሪያ አለቀሰ፤ ቀጥሎ ተቆጣኝ። ይቆጣ። የእኔን ቁጣ አንቺ ስትሸከሚው ኖረሻል። ይደውልልሻል፤ ካልደወለ ንገሪኝ።

እኔን እንዴት እንደምትጠሪኝ አንቺው እወቂ። እማማ ያልሽኝ ግን ጆሮዬን ቆርቁሮኛል፤ መንገድ ላይ የማያውቁኝም እማማ ይሉኛል።

ጣሳውን ኢብሳ ይዞልሻል። አሸትቺው፤ ቅቤ የለበትም። የተከካ ገብስ ነው፣ ለሾርባ። ሐኪሙ ከፈቀደለት ያለ ጨው አብስዪለት፤ ካልፈቀደለት ለዶሮ ስጪው፤ አልቀየምም። ያቺ መሐላም ቀርታለች። ሙሉውን ቢመልሰው ወንድሜ ነው፤ ይህን በጆሮው ንገሪው፤ ጆሮው ስለደከመ ጮክ ብለሽ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

ይህን ወረቀት አጥፌ ብቻ ነው ለኢብሳ የምሰጠው። በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ "አያሽጉትም እንዴ፣ እማማ?" አለኝ። አውቄ ነው የተውኩት አልኩት። ከፈለገ ያንብበው። ከእንግዲህ ደብዳቤ አላሽግም።